በሁለት በርጩማ መካከል የወደቀው ሰው

(አንድ የእንግሊዝኛ አነጋገር፤ ታሪኩ፥ ትርጕሙና አገባቡ)

በአንዲት መሥመር የትርጕም ስሕተት የአንድ ወጣት እንጀራ እንዴት እንደ ተስተጓጐለ ዛሬ ላጫውታችሁ። የተሳሳትሁት እኔ ራሴ ስለ ሆንሁ፥ ታሪኩን ከሌላ ሰው መጠየቅ አያስፈልገኝም።

በዚያን ጊዜ በአንድ መሥሪያ ቤት በጀማሪ ጸሐፊነት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። በተማሪ ቤት ሳለሁ በእንግሊዝኛ ጥሩ ነጥብ አገኝ ስለ ነበር፥ ከውጭ አገር ሰዎች የሚመጡትን ወረቀቶች ወደ አማርኛ እየመለስሁ ለአለቆቼ የማቀርበው እኔ ነበርሁ። አንድ ቀን በሥራ ልምምድ ላይ ስለ ነበሩ ወጣቶች አንድ የውጭ አገር አስተማሪ የጻፈው ሪፖርት በጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። አስተማሪው ስለ አንደኛው ወጣት ሲጽፍ፥ ትጉህና ታማኝ መሆኑን ካመሰገነ በኋላ፥ አሁን ባለበት አኳኋን ግን «ሂ ፎልስ ቢትዊን ቱ ስቱልስ» ይላል። ቃሎቹን አንድ ባንድ አውቃቸዋለሁ። «ፎል» መውደቅ ነው፤ «ቢትዊን» መካከል ነው፤ «ቱ» ሁለት ነው፤ «ስቱል» በርጩማ ነው። መዝገበ ቃላት መግለጥ እንኳ አላስፈለገኝም። «በሁለት በርጩማ መካከል ይወድቃል» ብዬ ጻፍሁና ወረቀቱን አስረከብሁ።

ወረቀቱ ስለ ቅጥር ለሚመክሩት ሹማምንት ቀረበ። እነርሱም አነበቡት፤ ደግመውም አነበቡት። «ተቀምጦ ሳለ የሚወድቅ ሰው ምን ዐይነት ሰው ነው?» ብለው ተጠያየቁ። በመጨረሻም ከመካከላቸው አንዱ «ይህ ልጅ የሚጥል በሽታ አለበት ማለት ነው» ብሎ ተረጐመውና ጉዳዩ ታገደ፤ ወጣቱም ወደ ሐኪም ቤት ተላከ። እውነቱን ለመናገር፥ በሽታው ቢኖርበትም እንኳ የጽሕፈት ሥራ የሚያስከለክለው አልነበረም። ሐኪሙ መርምሮ ምንም እንዳላገኘበት ጽፎ ሰጠው። ነገር ግን ወረቀቱ ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ክፍቱ ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ቈየ።

በኋላ አስተማሪውን አግኝቼ ነገሩን ብጠይቀው፥ አስቀድሞ ከልቡ ሣቀ፤ የሆነውን በሰማ ጊዜ ግን ፊቱ ጠቈረ። ወጣቱ ጧት በሒሳብ ክፍል፥ ከቀትር በኋላ በዕቃ ግምጃ ቤት እንዲለማመድ ታዝዞ ኖሮአል። የሒሳቡ ሥራ ሲጀመር ወደ ግምጃ ቤቱ ይጠራል፤ ግምጃ ቤት ዕቃ ሲቈጠር ወደ ሒሳቡ ይመለሳል። በዚህ ምክንያት የሒሳብ ሠራተኛም የግምጃ ቤት ሠራተኛም ሳይሆን ቀረ። አስተማሪው የጻፈው በአንደኛው ክፍል እንዲረጋ ለመርዳት ነበር። ጥፋቱ የአደላደሉ እንጂ የልጁ አልነበረም።

ይቅርታ ለመጠየቅ ወደ ወጣቱ ዘንድ ሄድሁ። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ከተመለከተኝ በኋላ፥ «ምን አደርግሃለሁ ወንድሜ፤ ከሁለት ያጣ ጎመን አደረግኸኝ» አለኝ። አንባቢዎቼ፥ በዚያች ደቂቃ የደነገጥሁት ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የበደልሁት ሰው ፊት ለፊቴ መቆሙ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ያ ሰው ሳያስበው ትክክለኛውን ትርጕም ነገረኝ። በእንግሊዝኛ በሁለት በርጩማ መካከል ወደቀ የሚባለው ሰው፥ በኛ አገር ከሁለት ያጣ ጎመን የሚባለው ነውና።

የአነጋገሩ ትርጕም

እንግሊዞች ይህን አነጋገር የሚናገሩት ሁለት ነገር ባንድነት ለመሆን ወይም ለማግኘት ሲሞክር ከሁለቱም ስላልሆነ ሰው ወይም ነገር ነው። በዐይነ ልቡናችሁ ተመልከቱት። ሁለት በርጩማዎች ጐን ለጐን ተቀምጠዋል። አንዱ ሰው በግራው ልቀመጥ ወይስ በቀኙ እያለ ሲያመነታ፥ ወይም ሁለቱንም ልያዝ ብሎ በመካከላቸው ሲያርፍ፥ መሬት ላይ ይዘረጋል። የወደቀው መቀመጫ ስላጣ አይደለም፤ መቀመጫ ስለ በዛበት ነው። አነጋገሩን ከተራው መውደቅ የሚለየውም ይኸው ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ሞክሮ ያልተሳካለትን ሰው በዚህ አነጋገር መግለጽ ስሕተት ነው። አንድ ተማሪ ለፈተና አጥንቶ ባይሳካለት በሁለት በርጩማ መካከል ወደቀ አይባልም። የሕግ ትምህርትና የሕክምና ትምህርት ባንድ ዓመት ጀምሮ ሁለቱንም ሳይጨርስ የቀረ እንደ ሆነ ግን በትክክል ይባልለታል።

በርጩማና ወንበር

«ስቱል» የተባለው ቃል ራሱ ረዥም የውድቀት ታሪክ አለው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ይህ ቃል ማናቸውንም መቀመጫ፥ የንጉሥን ዙፋን እንኳ ሳይቀር የሚያመለክት የክብር ቃል ነበር። በ1066 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ካንድ ቦታ በቀር ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው) ኖርማኖች እንግሊዝን ድል አድርገው ከያዙ በኋላ፥ ፈረንሳይኛ ወደ አገሩ ገባና «ቼር» የሚለው ቃል መጣ። መደገፊያ ያለው፥ ባለሥልጣን የሚቀመጥበት ወንበር «ቼር» ተባለ፤ አሮጌው ቃል ግን ዝቅ ብሎ መደገፊያ ለሌለው ትንሽ መቀመጫ ቀረ። የስብሰባን መሪ «ቼርማን» ማለታቸው ከዚህ የወንበር ክብር የመጣ ነው። በኛም ቋንቋ «ሊቀ መንበር» የምንለው በዚሁ ሐሳብ አይደለምን?

የበርጩማ እግር ብዙ ጊዜ ሦስት የሚሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሦስት ነጥቦች ምንጊዜም ባንድ ገጽ ላይ ያርፋሉና፥ ባለ ሦስት እግር መቀመጫ ወጣ ገባ በሆነ የአፈር ወለል ላይ እንኳ ሳይነቃነቅ ይቆማል። አራት እግር ያለው ግን ወለሉ ካልተስተካከለ ይንገዳገዳል። የጂማን በርጩማ የሚያውቅ ሰው ይህን በዐይኑ አይቶታል። እንግዲህ በአነጋገሩ ውስጥ ያለው ሰው የሚወድቀው በርጩማው ደካማ ስለ ሆነ አይደለም። እያንዳንዱ ለብቻው ቢሆን ጠንካራ ነበር።

እዚህ ላይ ለጸሐፊዎች አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «ስቱል» ከሐኪም ቤት በሚመጣ ወረቀት ላይ ሲገኝ በርጩማ ማለት አይደለም፤ ሰገራ ማለት ነው። በቀድሞ ዘመን ሰዎች ለመጸዳዳት ከሚቀመጡበት መቀመጫ ስሙ ወደ ሰገራው ተላለፈ። ስለዚህ የላቦራቶሪን ወረቀት «የበርጩማ ምርመራ» ብሎ የሚተረጕም ሰው እንደ እኔ መሣቂያ ይሆናል።

በሮም ቲያትር የተወረወረ ቃል

የሁለት መቀመጫ ነገር ከእንግሊዞች በፊት በሮማውያን ዘንድ ይነገር ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ46 ዓመት ገደማ ዴሲሙስ ላቤሪዩስ የተባለ የቲያትር ደራሲ ነበረ። ላቤሪዩስ ፈረሰኛ ከሚባሉት ባለ ማዕርግ ሮማውያን ወገን ነበርና በመድረክ ላይ ወጥቶ መጫወት ለማዕርጉ ውርደት ነበር። ዩልዮስ ቄሣር ግን በገዛ ድርሰቱ እንዲጫወት አስገደደው። ጨዋታው ካለቀ በኋላ አምስት መቶ ሺህ ሴስቴርሺየስ የተባለ ገንዘብና የፈረሰኞች ምልክት የሆነውን የወርቅ ቀለበት ሰጥቶ ማዕርጉን መለሰለት።

በሮም ቲያትር የመጀመሪያዎቹ 14 ረድፎች ለፈረሰኞች የተለዩ ነበሩ። ላቤሪዩስ ወደዚያ ቦታ ሲፈልግ በታላቁ ተናጋሪ በቺቼሮ አጠገብ አለፈ። ቺቼሮም፥ ተጣብቤ ባልቀመጥ ኖሮ ቦታ በለቀቅሁልህ ነበር የሚል ቃል ሰነዘረበት። ይህ ቃል ላቤሪዩስን ብቻ ሳይሆን፥ ብዙ አዳዲስ ሰዎችን በሸንጎው ውስጥ ያስገባውን ቄሣርንም የሚነካ ነበር። ላቤሪዩስ ግን ወዲያው መለሰለት፤ አንተ በሁለት ወንበር መቀመጥ ልማድህ ሳለ መጣበብህ ይገርማል አለው። ቺቼሮ በቄሣርና በፖምፔዩስ ጦርነት ጊዜ ለብዙ ወራት ካመነታ በኋላ ከፖምፔዩስ ጋራ ወግኖ፥ ፖምፔዩስ ድል ሲሆን ደግሞ የቄሣርን ምሕረት ተቀብሎ የተመለሰ ሰው ነበርና፥ መልሱ እንደ ጦር ወጋው። ይህን ታሪክ ማክሮቢዩስ የተባለው ጸሐፊ በመጽሐፉ አቈይቶልናል።

ልብ በሉ፤ በሮማውያን አነጋገር ሰውየው በሁለቱም ወንበር ይቀመጣል እንጂ አይወድቅም። ነቀፋው ስለ ወላዋይነቱ ነው። በእንግሊዝኛው ግን ሰውየው ይወድቃል፤ የሚነገረውም ስለ ጠባዩ ሳይሆን ስለ ውጤቱ ነው። ስለዚህ በሁለት በርጩማ መካከል ወደቀ የተባለ ሰው አታላይ ነው ማለት አይደለም። እንደዚያ ወጣት ፍጹም ቅን ሊሆን ይችላል።

ከመጽሐፍ ወደ ሥዕል

በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይህ ሐሳብ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ኖሮአል። ጆን ጋወር የተባለው ባለ ቅኔ በ1390 ዓ.ም. ገደማ በፈጸመው «ኮንፌሲዮ አማንቲስ» በተባለው ድርሰቱ ውስጥ ይገኛል። ጆን ሄይዉድም በ1546 ዓ.ም. ባሳተመው የምሳሌዎች መጽሐፍ ውስጥ አግብቶታል። የኔዘርላንዱ ሊቅ ኤራስሙስ በበኩሉ የሮማውያኑን የሁለት ወንበር አነጋገር በታላቁ የምሳሌዎች ስብስቡ ውስጥ መዝግቦታል።

ነገሩን በዐይን ማየት ለሚወድ ደግሞ ሥዕል አለ። ፒተር ብሩግል የተባለው ሠዓሊ በ1559 ዓ.ም. ከመቶ በላይ የአገሩን ምሳሌዎች ባንድ ሰሌዳ ላይ ሥሎአቸዋል። ሥዕሉ ዛሬ በበርሊን ከተማ በሥዕል ቤተ መዘክር ይገኛል። አንዱ ሰው ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋራ ያላትማል፤ ሌላው ጥጃው ከሞተ በኋላ ጕድጓዱን ይደፍናል፤ ከነዚህም መካከል በሁለት መቀመጫ መካከል የወደቀው ሰው አለ። በዚያ አገር ምሳሌው በሁለት ወንበር መካከል አመድ ላይ መቀመጥ ይባላል። ፈረንሳዮችም ጀርመኖችም ተመሳሳይ አነጋገር አላቸው። ጀርመኖች ግን በርጩማ ሳይሆን ወንበር ይላሉ። ስለዚህ አንዱን የአውሮጳ ቋንቋ ያወቀ ሰው ለሌላው ቃል በቃል እገለብጣለሁ ቢል፥ በአውሮጳውያን መካከል እንኳ ይሳሳታል።

አገባቡ እንዴት ነው?

ይህን አነጋገር በእንግሊዝኛ ለመጻፍ የምትፈልጉ ተማሪዎች አራት ነገር አስታውሱ።

አንደኛ፥ የሚወድቀው ሰው ብቻ አይደለም፤ መጽሐፍ፥ ዕቅድ፥ ደንብ፥ ንግግርም ሊሆን ይችላል። ለሕፃናት የከበደ፥ ለሊቃውንት የቀለለ መጽሐፍ በሁለት በርጩማ መካከል ወደቀ ይባላል። ሁለት ወገኖችን ለማስታረቅ ወጥቶ ሁለቱንም ያስከፋ ደንብም እንደዚሁ ነው።

ሁለተኛ፥ የበርጩማዎቹ ቍጥር ሁለት ነው፤ ቃሉም የብዙ ቍጥር ምልክት የሆነውን «ስ» ይዞ «ስቱልስ» ይባላል። ሦስት ወይም አራት ማለት ለቀልድ ካልሆነ በቀር አልተለመደም።

ሦስተኛ፥ የሚለወጠው ግሡ ብቻ ነው። ለኀላፊ ጊዜ «ፌል»፥ ለተፈጸመ ድርጊት «ፎልን» ይሆናል። እዚህ ላይ የኛን ጆሮ የሚያታልል ነገር አለ። «ፌል» ማለት ወደቀ ነው፤ «ፌይል» ግን አለመሳካት ነው። በድምፅ ቢቀራረቡም ዘመዳሞች አይደሉም። መጀመሪያው ከጥንት የጀርመን ነገዶች ቋንቋ የመጣ ሲሆን፥ ሁለተኛው በፈረንሳይኛ በኩል «ማታለል» ከሚል የላቲን ግሥ የመጣ ነው። በአማርኛ «ፈተና ወደቀ» ስለምንል፥ ብዙ ተማሪ በእንግሊዝኛም «ፌል» ብሎ ይጽፋል። ለፈተና የሚነገረው «ፌይል» ነው።

አራተኛ፥ አነጋገሩ ለጭውውትም ለጋዜጣም ለሪፖርትም ይስማማል፤ ስድብ አይደለም። ቢሆንም ሁለቱ በርጩማዎች ምንና ምን እንደ ሆኑ አንባቢው ሊያውቅ ይገባዋል። የኔ አስተማሪ ሁለቱን ክፍሎች በዚያችው መሥመር ጠርቶ ቢሆን ኖሮ፥ እኔም ባልተሳሳትሁ ነበር።

ሌሎች የመውደቅ አነጋገሮች

እንግሊዝኛ «ፎል» ከሚለው ግሥ ብዙ አነጋገሮችን ወልዶአል። ዋና ዋናዎቹን እነሆ።

«ፎል ሾርት» ማለት ከሚፈለገው ልክ ሳይደርሱ መቅረት ነው። ለማለፍ 50 ነጥብ ሲያስፈልግ 47 ያገኘ ተማሪ እንዲህ ይባላል።

«ፎል ስሩ» የታሰበ ጉዳይ ሳይፈጸም መፍረስ ነው። ቤት ለመከራየት ከተስማማችሁ በኋላ ባለቤቱ ሐሳቡን ቢለውጥ፥ ውሉ «ፌል ስሩ» ይባላል።

«ፎል ፍላት» ሰውን ያሥቃል ወይም ይማርካል የተባለ ነገር ሳይሠራ መቅረት ነው። ጉባኤተኛው ሁሉ ዝም ያለበት ቀልድ ለዚህ ምሳሌ ነው።

«ፎል ቢሃይንድ» ወደ ኋላ መቅረት ነው፤ በትምህርትም በቤት ኪራይም ይነገራል።

«ፎል ስሩ ዘ ክራክስ» በስንጥቅ ሾልኮ መውደቅ ነው። አንዱ ክፍል ሌላው ያየዋል ሲል፥ ሌላውም እንዲሁ ሲል፥ ማንም ሳያየው የቀረ ማመልከቻ በዚህ አነጋገር ይገለጻል። አንዳንድ ሰዎች ይህን ከበርጩማው ጋራ አደባልቀው «በስንጥቆች መካከል ወደቀ» ይላሉ። ነገር ግን በስንጥቆች መካከል ያለው ጤናማው ጣውላ ነውና፥ ካሰቡበት ማንም በዚያ አይሾልክም።

በኛስ ቋንቋ?

ለዚህ አነጋገር ቅርብ የሆነው አማርኛ «ከሁለት ያጣ ጎመን» መሆኑን አይተናል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውስ? ይህም ይቀርባል፤ ግን አንድ አይደለም። ሴትዮዋ የብብቷን አስቀድማ ይዛ ነበር፤ የጣለችው በእጅዋ የነበረውን ነው። ባለ በርጩማው ግን ገና አንዱንም አልያዘም ነበር። በሪፖርት ስትተረጕሙ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። አንዱ ያለውን አጣ፥ ሌላው ሊያገኝ የሚችለውን አጣ ማለት ነውና።

ምናልባት አንዱ አንባቢ ተነሥቶ፥ «አባቶቻችን ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል ብለው የለምን? እንግሊዞቹ ባንዱ ተቀመጥ ሲሉ የኛዎቹ ሁለት ትከል ካሉ ማንን እንስማ?» ይለኝ ይሆናል። ጥያቄው መልካም ነው፤ በተለይ ቀን ሠርቶ ማታ ለሚማር ወጣት የኑሮ ጥያቄ ነው። እኔ እንደማየው ሁለቱ አይጣሉም። ባላ የሚተከለው አስቀድሞ ነው፤ አንዱ እስኪሰበር ድረስ ሁለተኛው ዝም ብሎ ይጠብቃል። በርጩማ ግን መላ ሰውነትን የሚሸከም ነው፤ ባንድ ጊዜም ሁለቱን መሙላት አይቻልም። ቀን የሚሠራና ማታ የሚማር ሰው ጊዜውን ከፍሎ፥ በቢሮ ሰዓት በቢሮ፥ በትምህርት ሰዓት በትምህርት ከተቀመጠ አይወድቅም። የሚወድቀው በቢሮ ጠረጴዛ ሥር ደብተሩን የሚገልጥ፥ በክፍል ውስጥ ደግሞ የቢሮውን ፋይል የሚያስብ ነው። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ የመንግሥትን ከፍተኛ ሥራ እየሠሩ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. (ይህ በኛ አቈጣጠር ነው) ለአንባቢ አድርሰዋል። ሁለት ሥራ መያዝ ብቻውን ሰውን እንደማይጥል ይህ ይመሰክራል።

ትንሽ ፈተና

እስቲ ራሳችሁን ፈትኑ። ከላይ ካየናቸው አነጋገሮች ለያንዳንዱ የቱ ይስማማል? (1) ለሁለት ክፍሎች የተላከ አቤቱታ ሁለቱም ሳያዩት ዓመት ሞላው። (2) አዲሱ መጽሔት ለገበሬውም ለምሁሩም እጽፋለሁ ብሎ ገበሬውም ምሁሩም ሳያነቡት ቀረ። (3) በእሑድ ሊደረግ የታሰበው ጕዞ መኪና በመጥፋቱ ቀረ።

መልሱ ይህ ነው፤ ለመጀመሪያው የስንጥቁ፥ ለሁለተኛው የሁለቱ በርጩማ፥ ለሦስተኛው «ፎል ስሩ»።

ስንሰነባበት የዚያን ወጣት ነገር ልጨርስላችሁ። እስከሚቀጥለው ዓመት ቅጥር ድረስ ጠበቀ፤ ከዚያም በሒሳብ ክፍል ብቻ ተመደበ፤ መልካም ሠራተኛም ሆነ። ያ ዓመት ግን ያለ ደመወዝ ያለፈ ዓመት ነበር፤ የኔም ይቅርታ የዚያን ዓመት እንጀራ አልመለሰለትም። ከዚያን ቀን ወዲህ በወረቀት ላይ የማውቃቸው ቃሎች ተሰብስበው የማላውቀው ነገር ሲናገሩ ባየሁ ጊዜ፥ ብዕሬን አስቀምጬ ሰው እጠይቃለሁ። እናንተም፥ በፊታችሁ ያለው ወረቀት ስለ ሰው የተጻፈ እንደ ሆነ፥ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።